የእግር ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ)፦ ምርምር ስለ መንስኤው፣ ስለ ልየታውና ስለ ሕክምናው ያሳየው

ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ አጠራሩ የእግር ዝሆኔ፣ ለዓመታት በባዶ እግር ከቀይ የሸክላ አፈር ጋር በሚኖር ንክኪ ሳቢያ የሚከሰትና እግርን ቀስ በቀስ የሚያሳብጥ ሥር የሰደደ በሽታ ነው። በሽታው ተላላፊ አይደለም። በትንኝም ሆነ በእጅ ንክኪ፣ በልብስም ሆነ በመኝታ ከሰው ወደ ሰው አይሸጋገርም። እ.ኤ.አ. ለ2015 በተሠራ ግምት በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዐዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ራሳቸው የታመሙ ወይም በቤተሰባቸው ሕመምተኛ ያለባቸው ዜጎች ወደ ጤና ተቋም ከመሄዳቸው በፊትም ሆነ ከሄዱ በኋላ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ለማስረዳት ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በበሽታው ላይ ከተደረጉት ምርምሮች ብዙዎቹ የተካሄዱት በወላይታ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአዊና በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች በሚኖሩ ሕመምተኞች ተሳትፎ ነው። የጥናቶቹ ውጤትም አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው ለእነርሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

አፈሩ በሽታ የሚያመጣው እንዴት ነው?

ለረጅም ጊዜ የእግር ማበጥ ሁሉ ትንኝ በምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል የሚመጣ ይመስል ነበር። ይህን ግምት በተደራጀ ሁኔታ የፈተኑት በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ የተሰማሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ምርምር እግራቸው ያበጠ ሰዎች በብዛት የሚገኙት ትሉ በማይገኝባቸው ደጋማ ቦታዎች መሆኑን አስተዋሉ። በሕመምተኞቹ ንፍፊት ውስጥም ከአፈር የመጡ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶችን አገኙ። ለበሽታው የሰጡት ስያሜ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተመሠረተ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ከሥጋ መካከል የሚጠራቀመውን ፈሳሽ እየሰበሰበ ወደ ደም የሚመልስ የሊምፍ ሥር አለ። ከአፈሩ የሚነሡት ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው ወደዚህ ሥር ሲገቡ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይቆጣባቸዋል። ቁጣው ለዓመታት ሲደጋገም ሥሩ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ይደፈናል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣም እግር ያብጣል፤ ቆዳም ይደድራል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ የአፈር ጥናት በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች ጋር የተዛመዱት ማዕድናት ስመክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ መሆናቸውን አመልክቷል።

እንዲህ ያለ አፈር የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ዐለት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በቂ ዝናብ ባለበት ስፍራ ነው። ይህ ደግሞ ለእርሻ ተስማሚ የሆነውና ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት የአገራችን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች በሚገኙ 1,315 ማኅበረሰቦች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ አገር አቀፍ የካርታ ሥራ ተከናውኗል። በዚህ ሥራ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከመቶ 4ቱ በሽታው እንዳለባቸው ተረጋግጧል፤ 345 ወረዳዎችም በሽታው የሚገኝባቸው ተብለው ተለይተዋል። ለበሽታው በሚያጋልጥ መልክዐ ምድር የሚኖረው ሕዝብ ወደ 35 ሚሊዮን እንደሚጠጋም ተገምቷል።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለምን ይደጋገማል?

በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት መሬት በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዱ ይታመማል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። በአንጻሩ ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ ልጆች ሁለትና ሦስቱ የሚታመሙበት አጋጣሚ አለ። ኅብረተሰቡ ይህን ለዘመናት ሲያየው ኖሯል፤ የሰጠው ትርጓሜ ግን ብዙዎችን ጎድቷል። «የዘር በሽታ ነው» ተብሎ የሕመምተኛው እኅትና ወንድም፣ ጤነኞች ሳሉ፣ ለጋብቻ እንዳይፈለጉ ሆነዋል። ርግማን ነው ያለም አለ።

ጥናቶች ያገኙት መልስ ከዚህ የተለየ ነው። በወላይታ የተካሄደ ምርምር የበሽታው ሕመምተኛ እኅት ወይም ወንድም ያለው ሰው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ነዋሪ ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ሌላ ጥናት፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተውጣጡ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ዘረ መል በማነጻጸር፣ ልዩነቱ በሽታ የመከላከል ሥርዓትን በሚመሩ ዘረ መሎች አካባቢ እንደሚገኝ አመልክቷል። ይህ ማለት የአንዳንድ ሰዎች ሰውነት የአፈሩን ቅንጣት ሲያገኝ ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ ይቆጣል ማለት ነው። የሚወረሰው ይህ የመቆጣት ዝንባሌ ነው። እብጠቱ አይወረስም።

ልዩነቱ ተራ የቃላት ጉዳይ እንዳይመስል በጥንቃቄ ሊጤን ይገባል። ዝንባሌው ያለው ልጅ እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተገናኘ አይታመምም። ስለዚህ ከሕመምተኛ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ማግባትም ሆነ መውለድ የሚከለክለው ነገር የለም። ከዚህ ይልቅ በዚያ ቤት የሚወለዱ ሕፃናት መራመድ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ከሌሎች ልጆች ሁሉ ቀድመው ጫማ ሊያገኙ ይገባል። እንደ እውነቱ ከሆነ «የዘር ነው» የሚለው አነጋገር ትልቁ ጉዳቱ ወላጆች ምንም ማድረግ እንደማይቻል አምነው እንዲቀመጡ ማድረጉ ነው።

በሽታው ያለ መድኃኒትና ያለ ክትባት ከአንድ አካባቢ ሊጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክም አለ። በአንድ ወቅት በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በአውሮፓም፣ ለምሳሌ በስኮትላንድና በአየርላንድ፣ ይታይ ነበር። ጫማ ማድረግ የሁሉም ሰው ልማድ ሲሆን ከእነዚህ ቦታዎች ጠፍቷል።

የመጀመሪያ ምልክቶችና ልየታ

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። እግር ገና ሳያብጥ በፊት በእግር ጣቶችና በመዳፍ ላይ የሚሰማ ማሳከክ፣ ከረጅም የሥራ ቀን በኋላ በተለይም በሌሊት ከእግር እስከ ባት የሚሰማ ማቃጠል ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው እብጠት በመጀመሪያ ሌሊት እግር ዐርፎ ሲያድር ጠዋት የሚጠፋ ነው። ጠዋት ስለሚጠፋም ብዙዎች ይንቁታል። ነገር ግን ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቆዳው ከደደረና እባጮች ከወጡ በኋላ እብጠቱን መቀነስ ቢቻልም እግሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው መመለስ አዳጋች ነው።

የእግር ዝሆኔን ብቻውን ለይቶ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ እስካሁን በጤና ጣቢያ ደረጃ አገልግሎት ላይ አልዋለም። ባለሙያው በሽታውን የሚለየው በጥያቄና በአካል ምርመራ ነው። ስለሆነም ታካሚው ሕመሙ የጀመረው በየት በኩል እንደሆነ፣ የት ተወልዶ የት እንዳደገ፣ ጫማ ማድረግ የጀመረው መቼ እንደሆነና በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩን ሳይደብቅ ቢያስረዳ ለምርመራው ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ሦስት በሽታዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የእግር ዝሆኔ ከታች፣ ከእግር ጣቶችና ከመዳፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ቢይዝም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ያብጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉም እምብዛም አይታይም። ፊላሪያ የተባለው ትል የሚያመጣው ዝሆኔ በበኩሉ የሚገኘው በቆላማ ቦታዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ይይዛል፤ በወንዶች ላይ የቆለጥ ከረጢት እብጠትንም ሊያስከትል ይችላል። ይህን ትል የሚለይ የደም ምርመራ ስላለ ባለሙያው ሲጠራጠር ሊያዝዘው ይችላል። ሦስተኛው የሥጋ ደዌ ነው። በሥጋ ደዌ የተጎዳ እግር ስሜቱን ያጣል፤ በእግር ዝሆኔ ግን ስሜት አይጠፋም። ባለሙያው እግርዎን በጥጥ ወይም በቀጭን ነገር እየነካ «ይሰማዎታል?» ብሎ የሚጠይቀው ይህን ለማረጋገጥ ነው። የሦስቱ ሕክምና የተለያየ ስለሆነ ያለ ምርመራ ከጎረቤት የተገኘ መድኃኒት መውሰድ አይገባም። ከእነዚህ በተጨማሪ የልብና የኩላሊት ሕመምም እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠር ወይም የፊት ማበጥ አብሮ ካለ ለባለሙያው ወዲያውኑ መንገር ያስፈልጋል።

ቀላሉ ሕክምና በእርግጥ ይሠራል?

ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ። ለዓመታት እንዲህ ያበጠ እግር በእነዚህ ይታከማል ሲባል ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ለማመን ይቸገራል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ እንክብካቤ በጥብቅ ንጽጽር አልተፈተነም ነበር።

ፈተናው የተካሄደው በምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን የእግር ንጽሕናና የቆዳ እንክብካቤ ሥልጠናውን፣ ማሰሪያውን፣ የእግር እንቅስቃሴውን፣ ካልሲውንና ጫማውን ወዲያውኑ አገኘ። ሁለተኛው ቡድን ይህንኑ አገልግሎት ያገኘው ከ12 ወራት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ተመራማሪዎቹ የቆጠሩት እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ ሕመሙ እንደተነሣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በታተመው ውጤት መሠረት ወዲያውኑ እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ሕመሙ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው ባላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሥቷል። ቅናሹ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ሕመሙ ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ ማስታወስ ያሻል። እግር በድንገት ይቀላል፤ ያተኩሳል፤ ይበልጥ ያብጣል፤ ንፍፊት ይወጣል፤ ብርድ ብርድ ይላል። ሰውየው ለቀናት ከአልጋ ላይነሣ ይችላል። አንዳንዶች «ምች መታኝ» ይላሉ፤ መንስኤው ግን በተሰነጣጠቀ ቆዳና በእግር ጣቶች መካከል በኩል የሚገባ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ በዓመት አራት ወይም አምስት መነሣት ማስቀረት ለአንድ ገበሬ በዘር ወይም በአጨዳ ወቅት ከሥራ ላይ የሚውልባቸው ብዙ ቀናት ማትረፍ ነው። ቀደም ሲል በወላይታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሕመምተኞች ከጠቅላላ የሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ፣ 1.7 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት በዚያ አካባቢም በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያስከትል አስልቷል።

የጥናቱ ቁጥር በሌላ በኩልም መነበብ አለበት። እንክብካቤ ያገኙትም ቢሆኑ ሕመሙ ጨርሶ አልተዋቸውም። በዓመት 19 ጊዜ መታመም ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንክብካቤውን ለሁለት ሳምንት ሞክሮ «አልሻለኝም» ብሎ መተው ውጤቱን ሳያዩ ማቋረጥ ነው። ሕክምናው እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር ሕክምና ሁሉ የዕድሜ ልክ ነው፤ ዋናው ባለሙያም ራሱ ታካሚው ነው።

በቤት የሚደረግ የእግር እንክብካቤ

እግርን በየቀኑ፣ ቢቻል ማታ ከሥራ በኋላ፣ በንጹሕና ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። በቆዳው እጥፋትና በጣቶቹ መካከል ያለው አፈር ሳይቀር በጣት ወይም በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይታጠባል፤ በድንጋይ ወይም በሻካራ ነገር መፈግፈግ ቁስል ይፈጥራል። ከዚያ ባለሙያው በሚያሳየው መጠን በረኪና ወይም ሌላ ፀረ ተሕዋስያን በተጨመረበት ውኃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ ሊታዘዝ ይችላል። መጠኑን በግምት ማብዛት ቆዳን ያቃጥላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ነው። እግር፣ በተለይም በጣቶች መካከል፣ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫኑ በደንብ መድረቅ አለበት። እርጥብ የቀረ ቦታ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁም ተሕዋሱ ይገባል። ጣቶች መካከል የተላጠ ወይም የነጣ ቆዳ ካለ ለባለሙያው ማሳየት ይገባል፤ የሚቀባ መድኃኒት አለው። ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን መቀባት ቆዳው ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይና እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ቅባቱ ግን በጣቶች መካከል አይደረግም።

ሲቀመጡም ሆነ ሲተኙ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞርና ጣቶችን ማንቀሳቀስ ፈሳሹን ወደ ላይ ይመልሳል። ማሰሪያ መጠቀም ያለበት አስተሳሰሩን በሚገባ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ ከላይ የጠበቀ ማሰሪያ ጉዳቱ ያይላል። በመጨረሻ ንጹሕ ካልሲና የእግርን ጀርባ ጭምር የሚሸፍን ጫማ ይደረጋል። ነጠላ ጫማ ከባዶ እግር ቢሻልም አቧራና ጭቃ አያግድም። እግራቸው ከመደበኛው ጫማ በላይ ያበጠባቸው ሰዎች በልካቸው የተሠራ ጫማ የሚገኝበትን መንገድ ጤና ጣቢያውን ሊጠይቁ ይችላሉ።

እባጩን በምላጭ መቁረጥ፣ በዋግምት ደም ማስወጣት፣ በእሳት መተኮስና ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ማሰር ቁስል ከመጨመር በቀር ጥቅም የላቸውም። ያበጠውን ሥጋ በሙሉ ቀርፎ ለማውጣት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አይመከርም፤ ጠባሳው ራሱ ሌላ ችግር ያስከትላል፤ እግር ወደ አፈሩ ከተመለሰም እብጠቱ ይመለሳል። ጫማ ማድረግ የከለከሉ ነጠላ እባጮችን ልምድ ያለው ሐኪም በሆስፒታል ሊያወጣቸው ይችላል።

የአእምሮ ጤናም የሕክምናው አካል ነው

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ንጽጽር ከእግር ዝሆኔ ሕመምተኞች 12.6 በመቶዎቹ፣ በሽታው ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ደግሞ 0.7 በመቶዎቹ ብቻ ከፍተኛ የድብርት ምልክት እንደታየባቸው አመልክቷል። ከሠርግ፣ ከለቅሶ፣ ከዕድርና ከቤተ እምነት ተነጥሎ የሚኖር ሰው በየማታው እግሩን ለማጠብ የሚያበቃ ጉልበት ከየት ያመጣል? በአዊ ዞን የተካሄደ ሌላ ምርምር ከዚህ በመነሣት የእግር ዝሆኔን፣ በፊላሪያ ትል የሚመጣውን እብጠትና የሥጋ ደዌን እንክብካቤ ከአእምሮ ጤና አገልግሎት ጋር አጣምሮ በመደበኛው የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ መስጠት እንደሚቻል ሞክሯል። እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ታካሚ ይህን ከእግሩ ሕመም ለይቶ ሳይደብቅ ለዚያው ባለሙያ ሊናገር ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

መጀመሪያ የሚቀርቡት በቀበሌው ጤና ኬላ ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። እርሳቸው ታካሚውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይደረጋል። ጠዋት የሚጠፋ እብጠት ያለበት ወጣት «ገና ነው» ብሎ መቆየት የለበትም። የጤና መድን አባል የሆኑ ሰዎች የአባልነት ደብተራቸውን፣ ቀደም ሲል የታከሙ ደግሞ የሕክምና ካርዳቸውንና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ቢሄዱ ሥራው ይቀላጠፋል።

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ዕረፍት ማድረግ፣ እግርን ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መደረብ፣ ብዙ ፈሳሽ መጠጣትና ማሰሪያውን መፍታት ይገባል፤ የእግር እንቅስቃሴውም እስኪሻል ይቋረጣል። ፓራሲታሞል ሕመሙንና ትኩሳቱን ያስታግሣል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወሰደው በባለሙያ ሲታዘዝ ነው፤ ከተጀመረም ቢሻልም እንኳ እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። ትኩሳቱ ከፍ ካለ፣ ግራ መጋባት ወይም ተደጋጋሚ ማስታወክ ከመጣ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ቁስል ከታየ፣ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ መሻሻል ከሌለ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምልክቱ እንደጀመረ ይሂዱ።